ዓዲላ የመረጠቻት ገበያተኛ

ዓዲላ አዲሱን ቤቷን በሠራች ዓመት፣ ዘጠና ስድስት ይሁን ዘጠና ሰባት፣ ከሚሴ ላይ በሰው ቤት ግድግዳ የሚሰቀለው ነገር የታወቀ ነበር። የሙስሊሙ ቤት ከሆነ ካዕባ ያለበት ጥቁር ከፋይ፣ በወርቅማ ክር የተጻፈ የቁርኣን አንቀጽ አየተል ኩርሲ፣ ከጎኑ ሰዓት። የክርስቲያኑ ቤት ከሆነ ማርያም ከልጇ ጋር፣ ከሥሯ የሠርግ ፎቶ። በሁለቱም ቤት ደግሞ ያ ከቻይና የመጣው የፏፏቴ ሥዕል አይጠፋም፤ ውሃው አያልቅ፣ አረንጓዴው ዓይን ያማል። እንደኛ ያለ ሰው፣ ከነልፋቱ ከነላቡ በቀለም ተሥሎ ሳሎን ሲሰቀል ያየ አልነበረም። ዓዲላ ግን የፈለገችው ሰው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ደሴ ነው። ሽርጥና ሻሽ ልታመጣ ወጥታ፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ አንዲት ሻይ ቤት ገባች። ግድግዳው ላይ እህል የሚወቁ ሰዎች ተሥለዋል። አንዱ በመንሽ ገለባ ያነሣል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ወገቡን ይዟል። ዓዲላ ወገቡን የያዘውን ስታይ ሻይዋ ቀዘቀዘ።

«ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለቻት አስተናጋጇን።

«የት ነው የምታውቂው?»

«እኔ እንጃ። ወገቡን እንዴት አድርጎ እንደሚያመው ግን አውቃለሁ።»

ረዳቱ እየተጣራ ገብቶ ባያስወጣት መኪናው ጥሏት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ፏፏቴ አስጠላት።

ዓዲላ የተወለደችው ከጨፋ ሮቢት ወዲያ፣ ከቦርከና ማዶ ነው። እናቷ በልጅነቷ ሞተችባት። ለቃሲም ስትዳር ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሰው ቤት መግባት እንጂ ሰው ቤት መኖር ምን እንደሆነ አታውቅም። ያሳወቋት አማቷ እማ አሻ ናቸው። ሌላ አማት ምራቷን ወፍጮ ላይ ታስቀምጣለች፤ እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ይዘዋት ሰንበቴ ገበያ ይወርዳሉ። ከአፋር በረሃ ከሚወጣው፣ ከደጋ ከሚወርደው ሰው ጋር እንዴት እንደሚዋዋሉ፣ ሰው ዋጋ ሲሰማ ፊቱን ሳይሆን እግሩን ማየት እንደሚበጅ፣ ሚዛን ሞልቶ መስጠት በረካ እንደሚያመጣ፣ ሁሉን ከሳቸው ነው የተማረችው። ፊደል በመሠረተ ትምህርት ነካ አድርጋ ስሟን ትጽፋለች፤ ሌላው ዕውቀቷ የእማ አሻ ነው። «እኔ ሁለት ጊዜ ነው የተወለድኩት» ትል ነበር፣ «ሁለተኛዋ እናቴ ሰንበቴ ላይ ወለደችኝ።»

ኋላ እሷ በጨርቅ ንግድ ከሚሴ ላይ ተተከለች፤ ቃሲምም ቅንድቡ ዱቄት እስኪመስል ወፍጮ ቤት ሠራ። እማ አሻ ባላቸው ሲሞቱ ገጠር ብቻቸውን ቀሩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ ብርሃንና ጥላ እንጂ ሌላ አይለዩም። ዓዲላ ቤቱን ስታሠራ ያሰበችው እሳቸውን ነበር። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከች፤ ሦስት ጊዜ «ከተማ አይስማማኝም» አሉ። በአራተኛው፣ በመውሊድ ማግሥት፣ «እሺ፤ እመጣለሁ። ግን የምሰግድበት ንጹሕ ቦታ ካላገኘሁ ባመጣኝ መኪና እመለሳለሁ፤ ያኔ ማንም እንዳይለምነኝ» ብለው ላኩ። ዓዲላ ይህን ስትሰማ እልል አለች። እማ አሻ ቃላቸውን ሲያጥፉ ግን አይታ አታውቅም።

እንግዲህ ሐሙስ ይመጣሉ የተባለው ይኼኔ ነው፤ ሥዕሉም የመጣው ሳምንት ሲቀራቸው።

ጎረቤቷ ማንአልሞሽ በአጥር ላይ ብቅ ብላ ጮኸች። «አንቺ ዓዲላ! ሰው ሰው ስትዪ ከርመሽ የለም? ነይ እንጂ! ተከራዬ መምህር ባንተይርጋ ዝውውሩ ደርሶለት ደብረ ብርሃን ሊሄድ ነው። ሥዕሎቹን ግቢ አውጥቶ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥቷቸዋል!»

ዓዲላ ስትሮጥ አንዱ እግሯ የራሷን፣ አንዱ እግሯ የቃሲምን ጫማ ነበር ያጠለቀው።

ባንተይርጋ ሥዕል የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያመሰግነው ጆሮው የሚቀላ ልጅ እግር ሰው ነው። ጥፍሩ ሥር ቀለም አይጠፋም። ከሥዕሎቹ አጠገብ ቆሞ፣ «እትዬ ዓዲላ፣ ይግቡ፤ ይዩልኝ» አላት።

«መምህር፣ እኔ እኮ ሥዕል አላውቅም።»

«ጨርቅ ግን ያውቃሉ።»

እውነቱን ነው። ዓዲላም አቀራረቧ እንደ ጨርቅ ነበር። ሥዕሉን አንሥታ ገለበጠችና ጀርባውን አየች። ጠርዙን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገች። አሸተተች። «አቡጀዲው መልካም ነው፤ ክሩ አልሳሳም» አለች።

ባንተይርጋ ሳቀ። «ዐሥር ዓመት ስሥል ጀርባውን ያየልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ፊቱንማ ሁሉም ያያል።»

ከሁሉም ሦስቱ ልቧን ያዙት። አንደኛው ላይ የአፋር ሰዎች ግመል እየነዱ ከሰንበቴ ገበያ ይወጣሉ፤ አቧራው ከነሽታው ያለ ይመስላል። በሁለተኛው አንዲት ልጃገረድ ፀጉሯን በትና ቦርከና ዳር ልብስ ታጥባለች። በሦስተኛው ደግሞ አንዲት ሴት፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ማሽላ ከፊቷ አድርጋ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ጥላ ቁጭ ብላለች። አትስቅም፣ አታለቅስም። ገዥ ትጠብቃለች። ዓይኗ ግን ቀጥ ብሎ የሚያያትን ያያል።

«የቱን ልውሰድ?» ዓዲላ እጇን ታሻሽ ጀመር። «ወላሂ ልቤ እንደ ሙሽራ ልብ ሆነ። ማንአልሞሽ፣ የቱን ልውሰድ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የኔ ቤት ማርያም አለች፤ የናንተ ቤት ማን ልትሆን ነው እሱን ንገሪኝ» አለች ማንአልሞሽ እየሳቀች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አማትሽስ? የሰው ምስል ያለበት ቤት ይሰግዳሉ?»

«ለሳቸው ጓዳውን አዘጋጅቻለሁ። ሥዕሉ ሳሎን ነው የሚሰቀል» አለች ዓዲላ ቶሎ ብላ።

ባንተይርጋ ግራ መጋባቷን አይቶ፣ «ሦስቱንም ይውሰዷቸውና ግድግዳዎ ላይ ይሞክሯቸው። ሥዕል እንደ ጫማ ነው፤ ሳይለኩት አይገዛም» አላት።

ጋሪ ተጠራ። ሦስቱ ሥዕሎች ቆመው፣ ዓዲላ በመኻል ሆና፣ በዋናው መንገድ ሲሄዱ ከሚሴ ቆማ አየች። «ዓዲላ ግመል ገዛች!» ይላል አንዱ። «ያቺ ፀጉሯን የፈታችውን ለኔ አውርዱልኝ!» ይላል ሌላው። ዓዲላ እየሳቀች በሽርጧ ጫፍ ሸፈነቻት። ሠርገኛ መስላ ነው ደጇ የደረሰችው።

ከዚያ መሞከር ሆነ። ከደጅ ትይዩ ያለውን ሰፊውን ባዶ ግድግዳ መረጠች፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነዋ። ምስማር መታችና በመጀመሪያው ቀን ግመሎቹን ሰቀለች። አማሩ። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ስትገባ ልብ ብላ ስታይ፣ ግመሎቹ ከነጭነታቸው ወደ በሩ ዞረዋል።

«ቃሲም፣ እነዚህ እኮ ከቤት እየወጡ ነው።»

«ታዲያ ግመል ወዴት ይሂድ?»

«ጭነት ይዞ የሚወጣ ግመል በነጋዴ ቤት አይሰቀልም። በረካችንን ጭነው ነው የሚሄዱት። ባዶውን ቢሆን እንኳ ደግ!»

አወረደችው። በማግሥቱ ልጃገረዲቱን ሰቀለች። ቃሲም ወፍጮ ቤት ሊመለስ ሲገባው ሻዩን ሦስት ጊዜ አስቀዳ። በሦስተኛው ዓዲላ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደች።

«ምነው?» አለ።

«ውሃው አልበረዳትም ወይ ብለህ እያዘንክላት ነው መሰለኝ። ነገ ለባለቤቷ ትመለሳለች።»

«እኔ የማየው ወንዙን ነው፣ ወላሂ!»

«ወንዙማ እዚያ ታች አለልህ፤ ሄደህ እየው።»

በሦስተኛው ቀን ገበያተኛዋ ተሰቀለች። ዓዲላ ሱቅ ውላ፣ እግሯ ዝሎ፣ በሩን ከፍታ ገባችና፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለች። ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ቆመችና ሳቀች፤ ቀጥሎ ዕንባዋ መጣ፤ ደግሞ ሳቀች። ያቺ ሴት ቁጭ ብላ ታያታለች። ሰንበቴ ላይ ፀሐይ ሲከር፣ ገዥ ሲጠፋ፣ ዓዲላ ራሷ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው። እማ አሻም ዓይናቸው ደህና ሳለ እንዲህ ነበር የሚቀመጡት፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው። እሳቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ዓዲላ ሮጣ ማንአልሞሽ ግቢ ገባች።

«መምህር! እሷን! እሷን ነው!»

ለዋጋው ብዙ አልተነጋገሩም። ደብረ ብርሃን ብርዱ የታወቀ ነው፤ ከሱቋ ወፍራም ብርድ ልብስ አወጣችለት፣ ጆሮው ቀላ፣ ተስማሙ።

ደስታዋ ግን አንድ ቀን ከግማሽ ነው የቆየው። የማንአልሞሽ ቃል እንደ እሾህ ሲወጋት፣ ሰኞ ጧት ሼህ ሙሀመድኑር ዘንድ ሄደች። ሼሁ ዓይነ አፋር አዋቂ ናቸው፤ ሰው ሲጠይቃቸው መጀመሪያ መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰበሓቸውን፣ ይቆጥራሉ።

«ዓዲላ፣ ዑለማዎች ብዙ ብለውበታል» አሏት። «ነፍስ ያለው ምስል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም የሚል ሐዲስ አለ። ምስል የነበረበት መጋረጃ ተቆርጦ ትራስ ሲሆን ደግሞ ተፈቅዷል። ጣጣው ከፍ ብሎ መሰቀሉ ነው።»

«እና ምን ላድርጋት?»

«ትራስ አድርጊያት።»

«ትራስ?»

«ቆርጠሽ፣ ጥጥ ሞልተሽ።»

ዓዲላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነገሩ ያስቃታል ያስለቅሳታል። የዚያችን ሴት ፊት ቆርጣ ልትቀመጥበት! ለቃሲም ብትነግረው ከሳቁ የተነሣ ዱቄቱ ከቅንድቡ ረገፈ።

«ባንተይርጋ ይኼን ቢሰማ ብርድ ልብሱን ጥሎልሽ ይሄዳል» አለ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ስሚኝማ። እማ ዓይናቸው አያይ። ለሳቸው ግድግዳውም ሥዕሉም አንድ ነው። ነገሩን ሳናነሣ ዝም ብንልስ? አንቺም ሥዕልሽን፣ እኔም እናቴን እናገኛለን።»

«ሚዛን የማይታየውን ሰው በሚዛን መስረቅ ነው ይኼ። እሳቸው እንደዚህ አላስተማሩኝም» አለች ዓዲላ። «ሐሙስ ሲመጡ ገና በሩ ላይ እነግራቸዋለሁ። ጓዳቸው ንጹሕ ነው፤ እዚያ ይሰግዳሉ። ኢንሻአላህ ይሆናል።»

እማ አሻ ግን ሐሙስን አልጠበቁም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ ደጅ ቆመና ከጋቢናው ወረዱ። አንዲት ዶሮ፣ አንድ ከረጢት ማሽላ፣ የተጠቀለለች የቆዳ መስገጃ። ዓዲላ ሱቋን ክፍት ጥላ ሮጠች።

«አካም ጅርታ፣ እንተላ?» አሉ እማ አሻ፣ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ሲሉ፤ ፊቷን በሁለት እጃቸው እየዳሰሱ። «ከሳሽ? ቤት ሠሪ ይከሳል። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ እማ፣ አልሃምዱሊላህ። ይግቡ፣ ይግቡ! ጓዳውን አዘጋጅተንልዎታል።»

«ጓዳ? እኔ ቅቤ ነኝ? ብቻዬን መቀመጥ ሰልችቶኝ እኮ ነው የመጣሁት። የሰው ድምፅ የምሰማበት፣ እዚሁ ሳሎኑ ላይ አንጥፉልኝ።»

ዓዲላ ልትናገር ስትል የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን አለ። እማ አሻ ውሃ ጠየቁ፤ ውዱእ አደረጉ፤ መስገጃቸውን ይዘው ሳሎኑ መኻል ቆሙ።

«ቃሲም፣ ቂብላው ወዴት ነው?»

ቃሲም እጁን አነሣና ባለበት ቀረ። ዓዲላም ያኔ ነው የገባት። ከሚሴ ላይ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ በኮምቦልቻ በኩል ነው። ያ ከደጅ ትይዩ ያለው ሰፊ ግድግዳ ሰሜን ነው። አዲስ ቤት ሽር ጉድ ስትል፣ እሷ ራሷ እስካሁን ስትሰግድ የቆየችው መኝታ ቤት ውስጥ ነበር፤ አቡጀዲውን፣ ምስማሩን፣ ብርሃኑን፣ የግመሉ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ ሳይቀር አስባ፣ ቂብላን ረስታለች! ገበያተኛዋ ልክ ሰጋጅ ፊቱን በሚያዞርበት ተቀምጣለች።

«ወዲህ... ወዲህ ነው» አለ ቃሲም፣ እናቱን በትከሻቸው ይዞ እያዞረ። እማ አሻ መስገጃቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ወደ ጆሮአቸው አነሡ።

«እማ፣ ይቁሙ!» ዓዲላ ጮኸች። «አይስገዱ! ግድግዳው ላይ ሰው አለ!»

«የምን ሰው?»

«ሥዕል ነው። እኔ ነኝ የሰቀልኩት። የሴት ሥዕል ነው፣ ልክ በፊትዎ።»

እማ አሻ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ከዚያ ወደ ቃሲም ሳይዞሩ፣ «አንተ እያወቅህ አዞርከኝ?» አሉት። ቃሲም መሬት መሬት አየ። መስገጃቸውን ጠቀለሉ፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጥተው በረንዳው ላይ ሰገዱ። ሲጨርሱም ተነሥተው አልገቡም። «ያ መኪና ሄዷል? ወደ ጨፋ ሮቢት የሚመለስ ካለ ጠይቅልኝ» አሉ።

ዓዲላ ወደ ሳሎኑ ገባች። በርጩማ አቀረበች፣ ወጣችበት፣ ሥዕሉን ከምስማሩ አወረደች። ደረቷ ላይ አቅፋ በበረንዳው ማለፍ ጀመረች።

«ማን ነው እሱ? ምን ይዘሻል?» አሉ እማ አሻ።

«ሥዕሏን ነው። ለመምህሩ ልመልሳት።»

«ወደሽ አልነበረም የሰቀልሻት?»

«ወድጄ ነው። ግን እርስዎ ይበልጡብኛል።»

ዶሮዋ ገመዷን ትጎትታለች። እማ አሻ፣ እንደ መሰልቸት ባለ ድምፅ፣ «ሴትዮዋ ምን ታደርጋለች?» አሉ።

«ቁጭ ብላ ትሸጣለች።»

«ምን?»

«ማሽላ። በሰፌድ አድርጋ።»

«በሰፌድ?» እማ አሻ ቀና አሉ። «ማሽላ በሰፌድ ማን ሸጦ ያውቃል? ለእንግዳ ልታቀርበው ነው? ሠዓሊው የገበሬ ልጅ ነው የደብተር?»

ዓዲላ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «መምህር ነው እማ።»

«እንዲያ በይኝ። መስፈሪያ ጣሳዋስ? ጣሳዋን የት አድርጋዋለች?»

ዓዲላ ሥዕሉን ወደ ብርሃኑ አዞረችና አየች። እስከዛሬ አላስተዋለችውም ነበር። «ማሽላው ላይ ደፍታዋለች።»

«ተደፍቷል? እንግዲያ ገና አልሸጠችም። እህ... ፀሐዩስ? ጥላዋ በየት በኩል ነው?»

«ከእግሯ ሥር ነው። አጭር ነው።»

«ቀትር ሆኗል ማለት ነዋ! ቀትር ድረስ አንድ ጣሳ ሳትሸጥ?» እማ አሻ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪያት።» ጣታቸውን በቀለሙ ላይ አስኬዱ፤ ቀለሙ ወፍራም ነው፣ የሻሹ እጥፋት፣ የጉልበቱ ጉብታ በእጅ ይታወቃል። እጇ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እጇን ጥላዋለች» አሉ። «ወገቧን እየደገፈች ነው። ሰው አያውቅም ይኼን። ልጁ ማሽላ አያውቅም እንጂ ሴት ያውቃል።»

«እማ፣ እርስዎን ነው የመሰለችኝ። ፎቶ የለዎትም። ለዚህ ነው...» አለች ዓዲላ።

«እኔን አትምሰል። እኔ ቀትር ድረስ ሳልሸጥ ውዬ አላውቅም» አሉ እማ አሻ። ድምፃቸው ግን ለስልሷል። ቀጥለውም፣ «ዓዲላ፣ ገበያ ላይ ሶላት ሲደርስ ምን እናደርግ ነበር?»

«ዕቃችንን በጨርቅ ሸፍነን እንሄዳለን።»

«የሚነካው ነበር?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያ እሷም እንደ ባልንጀሮቿ ትሁን። ያን ግድግዳ ለቂብላ ልቀቂልኝ። እሷን ከኋላዬ፣ በደቡብ በኩል አድርጊያትና ጨርቅ ይኑራት። አዛን ሲል ትሸፈን። ሼሁ ምን ይላሉ?»

«ትራስ አድርጊያት ነው ያሉኝ።»

«አስተግፊሩላህ፣ ሰው ገበያዋን ሳትጨርስ ይቀመጡባታል?» እማ አሻ ከት ብለው ሳቁ። «ዐርብ ይጠሩልኝ፤ እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ሸፍናችኋትም አይሆንም ካሉኝ፣ ያኔ በእጄ አወርዳታለሁ። እስከዚያ ግን እኔም እሷም እንቀመጣለን። ቃሲም! ዶሮዋን ፍታት፤ የትም አልሄድም።»

ቃሲም መዶሻ ፍለጋ ሲሮጥ በርጩማውን ጥሎ አለፈ። ዓዲላ ከሱቋ ጨርቅ በጨርቅ ላይ አመጣች። እማ አሻ እየዳሰሱ፣ «ይኼ ስስ ነው፣ ዓይኗን ያሳልፋል... ይኼ ሻካራ ነው፣ ፊቷን ይፍቃታል...» እያሉ ስድስቱን መለሱና ሰባተኛውን፣ አበባ ያለውን ጥቁር ሐር መሳይ ያዙ። ማንአልሞሽና ባንተይርጋ መዶሻውን ሰምተው መጡ። ባንተይርጋ ስለ ሰፌዱ ሲነገረው ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ፤ ቡርሹን አምጥቶ ላስተካክል ቢል እማ አሻ ከለከሉት። «ተወው፤ እኔ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ስሕተትህን አስረዳለሁ። የምጫወተው ነገር ልታሳጣኝ ነው እንዴ?»

በማግሥቱ ቀትር ላይ ዓዲላ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሙሽራ ጨርቅ እየለካች ነበር። ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ተሰግዷል። ከሳሎኑ የእማ አሻ ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ዓዲላ! ኧረ ዓዲላ! ሰግጄ ጨርሻለሁ እኮ! ክፈቺላት እንጂ፣ ገዥ እያለፋት ነው!»

ዓዲላ ሜትሩን ጥላ ሮጠች፤ ሙሽራዪቱ የጨርቁን ጫፍ እንደያዘች ቀረች።